ለጧፍ ብርሃን የምትሆን ትንሽ ካሜራ



ከውጭ አገር ሊመጣ ሻንጣውን የሚያዘጋጅ ዘመድ ደውሎ «ካሜራ ላምጣልህ ወይ? የቱን ልግዛ?» ሲል ብዙዎቻችን «ጥሩውን» ብለን እንመልሳለን። ጥሩው የቱ እንደሆነ ግን ሱቅ ውስጥ የቆመው ዘመድ አያውቅም። ሻጩም የሚያሳየው ሳጥኑ ላይ በትልቁ የታተመውን ቁጥር ነው። የዛሬው ዝግጅታችን ለዚያ የስልክ ጥያቄ የሚሆን መልስ ይዟል። የምንነጋገረው ኪስ ወይም የእጅ ቦርሳ ስለምትገባ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ነው፤ ያውም ብርሃን ባነሰበት ቦታ ስለምትሠራዋ።

ብርሃን ያነሰበትን ቦታ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ፀሐይ ወጥታ እያለ ከየትኛውም ካሜራ የሚወጣ ፎቶ ደህና ነው። ካሜራ ከካሜራ የሚለየው ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። እኛ ደግሞ ለልጆቻችን ልናስቀራቸው የምንፈልጋቸው ብዙ ነገሮች የሚሆኑት በዚያው ሰዓት ነው፤ የገና ሌሊት ማኅሌት፣ የትንሣኤ ሌሊት፣ የከተራ ምሽት፣ የሠርግ ማታ፣ እናት ከሰል አያይዛ ቡና ስታፈላ። ለገና ላሊበላ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ውስጣቸው በቀንም ጨለም ያለ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በትንንሽ መስኮቶች ነው። በሌሊት ደግሞ የብዙውን ምእመን ፊት የሚያበራው በእጁ የያዘው ጧፍ ነው። ያንን ፊት ጧፉ እንዳበራው አድርጋ የምታስቀር ካሜራ ናት ዛሬ የምንፈልጋት።

እስቲ የጨለማውን ልክ በቁጥር እንየው። የብርሃን መለኪያው ሉክስ ይባላል። የእኩለ ቀን ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ቦታ 100,000 ሉክስ ገደማ ያገኛል። አንድ ሻማ 1 ሜትር ርቆ ለቆመ ነገር የሚሰጠው 1 ሉክስ ገደማ ብቻ ነው። ዓይናችን ይህን ሁሉ ልዩነት ቀስ እያለ ስለሚለምደው አይታወቀንም፤ ጨለማ ቤት ገብተን ጥቂት ከቆየን ሁሉም ነገር ይታየናል። ካሜራ ግን ያላት መንገድ ሦስት ነው። የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ትከፍታለች፤ ወይም ሹተሩ፣ ማለትም የብርሃኑ መዝጊያ፣ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ታረዝማለች፤ አለበለዚያ የገባላትን ጥቂት ብርሃን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ታጎላለች። ይህ ማጉላት ነው በካሜራው ላይ «አይ ኤስ ኦ» ተብሎ 100፣ 400፣ 1600 እያለ የሚወጣው።

ማጉላት ዋጋ ያስከፍላል። ብርሃን የሚመጣው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ነው። ቅንጣቶቹ ብዙ ሲሆኑ ሁሉም ቦታ እኩል ይደርሳቸዋል፤ ጥቂት ሲሆኑ ግን አወዳደቃቸው ይዛነፋል። ዝናብ ሲጀምር የግቢውን ድንጋይ አይታችሁ ታውቃላችሁ፤ አንዱ ጋ ሦስት ጠብታ ያርፋል፣ አጠገቡ ያለው ደረቅ ነው፤ ዶፉ ሲወርድ ግን ሁሉም እኩል ይረጥባል። በጨለማ የተነሳ ፎቶ ላይ እንደ አሸዋ የተበተነው ነጠብጣብ የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ ብርሃኑ ገና ማካፋቱ ነው። ማጉላት ያንን መዛነፍ አብሮ ያጎላዋል። ካሜራዋ ደግሞ ነጠብጣቡን ለመደበቅ ምስሉን ታሻሸዋለች። የታሸውን ፎቶ በቀላሉ የምታውቁት በነጠላ ጥለት ነው። ፎቶውን አጉልታችሁ ጥለቱን ተመልከቱ። ክሩ በክር ሆኖ ከታየ መልካም ነው። ጥለቱ ቀልጦ አንድ ወጥ ቀለም ከሆነ፣ የሴቲቱም ሹሩባ እንደ ሰም ከለሰለሰ፣ ካሜራዋ ያላገኘችውን ብርሃን በግምት ሞልታዋለች ማለት ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ይህች ካሜራ ብርሃንን በብዛት መሰብሰብ ትችላለች ወይ? ይህንን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሴንሰሩ ስፋት ነው፤ ሴንሰር ማለት ድሮ ፊልሙ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ያለውና ብርሃኑ የሚያርፍበት ቺፕ ነው። ሁለተኛው የሌንሱ ቀዳዳ ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ሜጋፒክሰል ከሁለቱ ውስጥ የለም።

ስለ ሜጋፒክሰል ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚያ ላይ ነውና። በ2006 ፉጂፊልም ፋይንፒክስ ኤፍ 30 የምትባል ትንሽ ካሜራ አወጣ። ሌሎቹ ወደ 8 እና ወደ 10 ሜጋፒክሰል ሲሮጡ እሷ 6 ላይ ቆማ ነበር። ሆኖም አይ ኤስ ኦዋ እስከ 3200 ይደርስ ነበር፤ በኪስ ካሜራ ማታ ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ዓመታት ካለፉ በኋላም ሲፈልጓት ኖረዋል። ካኖን ደግሞ በ2008 ባወጣት ጂ 10 ላይ 14.7 ሜጋፒክሰል አደረገ፤ በዓመቱ በ2009 ተተኪዋን ጂ 11ን ሲያወጣ ወደ 10 አወረደው። የሜጋፒክሰሉን ውድድር ትቶ ወደ ኋላ የተመለሰው በደብዛዛ ብርሃን የሚነሳው ፎቶ እንዲጠራ ብሎ ነው። ኤ 4 በሚባለው የተለመደ ወረቀት ሙሉ ገጽ ጥርት ያለ ፎቶ ለማሳተም 9 ሜጋፒክሰል ያህል ይበቃል። ዛሬ ከዚያ በታች የሆነ አዲስ ካሜራ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ይህን ቁጥር እለፉት።

አሁን ወደ ሴንሰሩ እንምጣ። በርካሽ የኪስ ካሜራዎች፣ ሩቅ አቅራቢ ዙም አላቸው በሚባሉት በብዙዎቹም ጭምር፣ የሚገኘው ሴንሰር ወርዱ 6.2 ቁመቱ 4.6 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከትንሿ ጣታችን ጥፍር ያንሳል። «1 ኢንች» የሚባለው ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊሜትር ነው። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፣ ይህ ሴንሰር ግን ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 16 ሚሊሜትር አይሞላም። ስያሜው የተወረሰው ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች ነው። እንዲያም ሆኖ ከትንሹ ጋር ሲወዳደር ስፋቱ አራት እጥፍ ነው፤ በአንድ ዓይነት ቀዳዳና በአንድ ዓይነት ጊዜ አራት እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው።

ይህን ሴንሰር ኪስ በምትገባ ካሜራ ውስጥ አስገብቶ ገበያውን የቀየረው ሶኒ ነው። በ2012 የወጣችው አር ኤክስ 100 ባትሪዋን ጨምሮ 240 ግራም ብቻ ነበረች። ከዚያ በኋላ ካኖንም ፓናሶኒክም ተከተሉ። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ ማታ የምታገለግል ካሜራ የሚፈልግ ሰው ከ1 ኢንች ሴንሰር በታች አይውረድ። ከዚያ በታች ያለውን ሥራ ደህና ስልክ ይሠራዋል።

ሌንሱ ጋ ስንመጣ ጉዳዩ ይጠልቃል። የቀዳዳው ስፋት የሚነገረው «ኤፍ» በሚል ፊደልና በቁጥር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ኤፍ 2 ከኤፍ 4 አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። የእኛን ሻማ የሚያህል ብርሃን ሲኒማ ውስጥም አስቸግሮ ነበር። ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 በታየው «ባሪ ሊንደን» በተባለው ፊልሙ አንዳንድ የክፍል ውስጥ ትዕይንቶችን በሻማ ብቻ ለመቅረጽ ስለፈለገ፣ ሌንስ ሠሪው ዛይስ ለአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ለናሳ የሠራውን ኤፍ 0.7 የሆነ ሌንስ አስመጥቶ ነው የቀረጸው። እንዲህ ያለ ሌንስ ኪስ ካሜራ ላይ አናገኝም። ኤፍ 1.8 ግን እናገኛለን።

ሱቅ ውስጥ የቆመው ዘመዳችሁ ሳጥኑን ትቶ የካሜራዋን ፊት ይመልከት። ሌንሱ ዙሪያ ላይ የቀዳዳውን ስፋት የሚናገሩ ሁለት ቁጥሮች በደቃቅ ጽሑፍ ተጽፈው ያገኛል። በመጀመሪያዋ አር ኤክስ 100 ላይ የተጻፉት 1.8 እና 4.9 ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ዙም ሳይደረግ ያለው ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ዙም እስከ መጨረሻ ሲሳብ ነው። ሻጭ ሁልጊዜ የሚናገረው የመጀመሪያውን ነው፤ እናንተ ጠይቁ ሁለተኛውን። ከ1.8 ወደ 4.9 ሲኬድ የሚገባው ብርሃን ሰባት እጥፍ ያህል ይቀንሳል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመን እንየው። አንድ ካህን ጧፍ ይዘው ያነባሉ እንበል፤ ነበልባሉ ለፊታቸው ቅርብ ነው። በኤፍ 1.8፣ በአይ ኤስ ኦ 1600፣ ሹተሩ ለሰከንድ 1/60 ተከፍቶ ፊታቸው ደህና ይወጣል። ያንስብኛል ብላችሁ ዙሙን እስከ መጨረሻ ሳባችሁት፤ ቀዳዳው ወደ 4.9 ጠበበ። አሁን ካሜራዋ ሁለት ምርጫ አላት። ሹተሩን ወደ 1/8 ታዘገያለች፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካህኑ ገጽ ገልጠው ይጨርሳሉ፣ እጃቸውም ብዥ ይላል። ካልሆነም አይ ኤስ ኦውን ወደ 12,000 ገደማ ትሰቅላለች፤ ነጠብጣቡ ይነግሣል። ሁለት እርምጃ ወደፊት መቅረብ ከተቻለ ዙሙን ትቶ በእግር መቅረብ ይሻላል። የማይቀረብበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ቁጥር ያነሰበት ሌንስ ያስፈልጋል። በ2014 የወጣችው የአር ኤክስ 100 ሦስተኛ ትውልድ ሌንሷ ከ1.8 እስከ 2.8 ነው። ዙሟ ካለፉት ያጥራል፤ እስከ ጫፍ ሲሳብ ግን ከፊተኛዋ ሦስት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። በ2016 የወጣችው የካኖን ጂ 7 ኤክስ ማርክ 2 እንዲሁ ከ1.8 እስከ 2.8 ናት፤ ዙሟም ከሶኒዋ ይረዝማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ፤ አዲሱና ውዱ ሁልጊዜ ለጨለማ አይሻልም። በ2019 የወጣችው ሰባተኛዋ አር ኤክስ 100 ፈጣን ናት፣ ዙሟም ረጅም ነው። ሌንሷ ግን የሚጀምረው ከ2.8 ነው፤ መጨረሻውም 4.5 ነው። የሴንሰሩ መጠን ያው ነው። ስለዚህ ማታ፣ ዙም ሳይነካ፣ አምስት ዓመት ከሚቀድማት ከሦስተኛዋ ከሚገባው ብርሃን ግማሹን እንኳ አታስገባም። ቀን በሜዳ ላይ የፈረስ ጉግስ ለሚያነሳ ሰው ሰባተኛዋ ትሻለዋለች። ለማኅሌት ግን ያን ያህል ገንዘብ ሳይወጣ ሦስተኛዋ ትበቃለች።

ዙም ጭራሹን የሌላቸው ካሜራዎችም አሉ። ሪኮ ጂ አር 3 በ2019 የወጣች፣ ሴንሰሯ ከ1 ኢንቹ ሦስት እጥፍ የሚሰፋ፣ ግን ኪስ የምትገባ ካሜራ ናት። ሌንሷ ኤፍ 2.8 ስለሆነ ግን በሴንሰሩ ያገኘችውን ብልጫ ከፊሉን በቀዳዳው ታጣዋለች። ፉጂፊልም በ2011 የጀመረው የኤክስ 100 ወገን ያንኑ ትልቅ ሴንሰር ከኤፍ 2 ሌንስ ጋር ይዟል፤ በጨለማ ከጠቀስኳቸው ሁሉ ይበልጣል። ኪስ አይገባም፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ሥራው ፎቶ ለሆነ ሰው ይገባዋል። ለቤተሰብ ማስታወሻ ግን ዙም ያላት ትመቻለች፤ ሠርግ ላይ ሁልጊዜ ፊት ለፊት መቆም አይቻልምና።

አንዳንድ ማስታወቂያ ላይ «መንቀጥቀጥ ይከላከላል» የሚል ታነባላችሁ። እውነተኛው መከላከያ ሌንሱን ወይም ሴንሰሩን እያንቀሳቀሰ የእጃችንን መንቀጥቀጥ ያካክሳል፤ ለቆመ ነገር፣ ለግድግዳ ሥዕል፣ ለመስቀል፣ በጣም ይጠቅማል። ከበሮ የሚመታውን ዲያቆን ግን አያቆመውም። ወረብ ሲጀመርና ጽናጽሉ ሲነሳ የሚያስፈልገው ፈጣን ሹተር ነው፤ ቢያንስ 1/125። ለዚያ ደግሞ ሰፊ ቀዳዳና ሰፊ ሴንሰር እንጂ ሌላ አቋራጭ የለም። አንዳንድ ርካሽ ካሜራ «መከላከያ» የሚለው አይ ኤስ ኦውን ሽቅብ መስቀልን ብቻ ነው፤ ከመግዛት በፊት ይህን ማጣራት ያስፈልጋል።

ስልኬስ ለሚል አድማጭ በቅንነት ልመልስ። ጉግል በ2018 በፒክስል ስልኮቹ ላይ የሌሊት ዘዴ ካስገባ ወዲህ የስልክ የማታ ፎቶ በጣም ተሻሽሏል። ስልኩ በተከታታይ ብዙ ፎቶ ያነሳና አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ ነጠብጣቡን ያጠራዋል። የቆመ ነገር፣ የተቀመጠ ሰው፣ የከተማ መብራት ለሚያነሳ ሰው ይበቃዋል፤ ተጨማሪ ገንዘብ አያውጣ። የሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ግን ድርቡ አይገጥምም፤ እጅ ይደበዝዛል፣ ፊት ይለሰልሳል። ካሜራ የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነው።

ፍላሽን በተመለከተ ሐሳቤ የጸና ነው። ትንሿ ፍላሽ የምትደርሰው ጥቂት ሜትር ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኗ ወደ ሩብ ይወርዳል። ፊት ለፊት ያለውን ነጭ ነጠላ ታቃጥለዋለች፣ ከኋላ ያለውን ሕዝብ ጨለማ ውስጥ ትከተዋለች፣ የጧፉን ወርቃማ ቀለምም ታጠፋዋለች። ልናስቀረው የመጣነው ብርሃን ራሱ ይጠፋል ማለት ነው።

ካሜራዋ ከደረሰች በኋላ መሽከርከሪያውን በራስ ሰር ላይ አትተዉት። ሶኒ ላይ «ኤስ»፣ ካኖን ላይ «ቲቪ» የሚለውን ይዛችሁ ሹተሩን 1/60 ላይ አድርጉት፤ አይ ኤስ ኦውን ለራሷ ተዉላት፣ ከ3200 እንዳያልፍ ግን ወሰን አስቀምጡለት። ጨለማው ሲበዛ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻ የምትከፍተው ራሷ ናት። በጨለማ ማተኮር ሲያቅታት ሌንሱን ወደ ነበልባሉ ጠርዝ ወይም ነጩና ጥቁሩ ወደተገናኘበት፣ ለምሳሌ ወደ ጥለቱ ጠርዝ፣ አዙሩና ቁልፉን በግማሽ ተጭናችሁ ያዙት፤ ከዚያ ወደ ፈለጋችሁት መልሱት። የጠርዙ ርቀት ከሰውዬው ፊት ጋር እኩል መሆኑን ግን አስተውሉ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ፣ እኔም ለብዙ ሰው የምመክረው ያንን ነው፣ ሻጩን ፍቀድልኝ በሉና በመደርደሪያው ሥር ያለውን ጨለማ በአይ ኤስ ኦ 1600 አንሱ፤ ፎቶውን አጉልታችሁ ተመልከቱ። ዙሙን ሳቡትና መልሱት፤ የሚያንቋቋ ወይም የሚያመነታ ከሆነ ተዉት። ከዚያ ቀዳዳውን አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ አንሱ። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚታይ ጥቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ገብቷል፤ በኪስ ካሜራ ይህን ማጽዳት መፍታት ይጠይቃል። ቻርጀሩንና ባትሪውን አትርሱ። ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ነው፣ የትንሽ ካሜራ ባትሪ ደግሞ ትንሽ ነው፤ ትርፍ ባትሪ ይምጣላችሁ። ዘመዳችሁ ትርፉን ባትሪ በእጅ ሻንጣው ይያዝ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማስገባት በአውሮፕላን ሕግ የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ስልኩ ሲደወል እንዲህ በሉት፤ «ሴንሰሯ 1 ኢንች የሆነ፣ ሌንሷ ላይ 1.8 እና 2.8 የተጻፈባት። የሶኒ አር ኤክስ 100 ሦስተኛዋ ወይም የካኖን ጂ 7 ኤክስ ማርክ 2፤ ያገለገለች ብትሆንም ግዛ።»

ለበዓሉ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ደግሞ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ከቤት ሳትወጡም ፍላሹን፣ የድምፁን ጩኸት፣ ሲያተኩር የሚበራውን ብርቱካንማ መብራት አጥፉ፤ ሰው እየጸለየ ነውና።